ጠጋ በሉ

ፊራኦል ጃቫ የሚጽፍ ፕሮግራመር ነው፤ ጥርጣሬው ግን የኬላ ፈታሽ ነው። ለአንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት የሠራው፣ ማንኛውንም ዓይነት ዕቃ ይቀበላል የተባለለት ክላስ፣ ማለትም የኮድ ክፍል፣ ውስጥ ውስጡን “እንቁላል ነህ? ፍሪጅ ነህ? ሶፋ ነህ?” እያለ ይመረምራል። ዛሬ አበባ ሲመጣበት ኮዱ ግራ ገብቶት ተገትሮ ቀረ።

አለቃው ሄሊና ኮዱን አይታ ራሷን ያዘች። “ምንነቱን ለምን ታፋጥጠዋለህ? ዝም ብለህ ‘ተጫን’ በለው! አጫጫኑን እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ክላስ ይዞ ይምጣ።”

“ሳልጠይቅማ አላምንም” አለ ፊራኦል፤ ከሥራ ሲወጣም እየተነጫነጨ ከሃያ ሁለት ወደ ኢምፔሪያል የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገባ።

“ጠጋ ጠጋ በሉ!” አለ ረዳቱ። ማን ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ወፍራሙ ሰውዬ ትንፋሹን ዋጠ፤ እናት ልጇን ጭኗ ላይ አወጣች፤ ተማሪው ቦርሳውን አቀፈ፤ አንዲት ዘናጭ ደግሞ ገልመጥ አድርጋው አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ አለች። ትዕዛዙ አንድ፣ አጠጋጉ የየራስ።

ለፊራኦል በራለት! ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ክርኑን ግራና ቀኝ አንሰራፍቶ፣ “ነህ? ነህ?” የሚለውን መስመር ሁሉ ይሰርዝ ጀመር። ረዳቱ “ጠጋ በል” አለው፤ አልሰማም። ደገመለት፤ ንቅንቅ የለም።

ማንንም ምንነቱን ያልጠየቀው ረዳት ጎንበስ ብሎ አፈጠጠበት።

“ወንድሜ፣ አንተ ምንድን ነህ?”