ያልተወጋሁት መርፌ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። ከአእምሮዬ የማይጠፋው አደጋ ስለደረሰብኝ አይደለም፤ ምንም አልደረሰብኝም። ግን ሁለት ቃል መናገር ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም።

መርካቶ ውስጥ፣ ዱባይ ተራ አንድ ህንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቅባትና የፀጉር ዕቃ ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የግራ ዓይኔ ቆብ እየወረደ ያስቸግረኝ ጀመር። ወደ ማታ ሲሆን ደግሞ ምግብ ማኘክ ሁሉ ይደክመኛል። ሐኪም ቤት ተመላልሼ ተመላልሼ በመጨረሻ ማያስቴኒያ ነው ተባልኩ። ነርቭ የሚልከው ትእዛዝ ጡንቻው ጋ እንደሚገባው አይደርስም ማለት ነው። አይድንም፤ በኪኒን ግን ይያዛል። ዶክተሯ ያን ቀን ከነገሩኝ ሁሉ አንዱን አልረሳሁትም። “ማንም ሰው መርፌ ይዞ ከመጣ፣ ለጥርስም ይሁን ለሌላ፣ መጀመሪያ የበሽታሽን ስም ንገሪው። ትንፋሽሽን ሊያስቸግር የሚችል መድኃኒት አለ” ነበር ያሉኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ኪኒኑን ስውጥ ያየኝ ሰው ካለ “ጨጓራ ነው” እላለሁ። መርካቶ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ነጋዴ የት ይገኛል? ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ለእጮኛዬ ለተስፋዬም ያልኩት ይህንኑ ነው። ተስፋዬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የመጀመሪያ ሚስቱ ብዙ ዓመት አልጋ ላይ ቆይታ ነው ያረፈችበት። እሱን እያወቅኩ ምን ብዬ ልንገረው? ና ደግሞ እኔን አስታምም ማለት መሰለኝ። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ።

ግንባሬ ላይ ሦስት ጥልቅ መስመር አለ። ደንበኞቼ “አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የገረመሽ ትመስያለሽ” እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን መስታወት ፊት በጣቴ ወጥሬ ወጥሬ አየዋለሁ።

የተስፋዬ ታላቅ እህት እትዬ ብርነሽ ይባላሉ። አብነት ነው የሚኖሩት፤ እናታቸው ቀድመው ስላለፉ ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሱቄ መጥተው አገጬን ያዝ አድርገው አዩኝና፣ “ይሄ ጭንቀት ነው። ሙሽራ እንዲህ ተጨማዳ አትሞሸርም። እኔ ነኝ የማሠራሽ፣ ስጦታዬ ይሁን” አሉኝ። እኛው ህንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የውበት ሳሎን አለ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ሲስተር እያልን የምንጠራት ነርስ ቦቶክስ፣ ጡንቻ አደንዝዞ የፊት መስመር የሚያጠፋውን መርፌ፣ ትወጋለች። የጎረቤታቸውን ልጅ ግንባር ልሙጥ እንዳደረገችው ነገሩኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ግን አወጣሁ አወረድኩ። ግንባርና ጉሮሮ ምን አገናኛቸው፣ ትንሽ ጠብታ ናት፣ እላለሁ። ስልኬ ላይ ሳነብ አንዱ እንደኔ ያለ ሰው ጨርሶ እንዳይነካው ይላል፤ ሌላው ሐኪሙ ካወቀና ከተከታተለው ይቻላል ይላል። እኔ ሁለተኛውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩ። ዶክተሯ ጋ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከእትዬ ብርነሽ ጋር ወጣን። ሲስተር ወንበር ላይ አስተኛችኝ፣ ግንባሬ ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ ነጥብ አደረገችበት። ከዚያ ዕቃዋን እያዘጋጀች፣ “የሚያምሽ ነገር አለ? እርግዝና? ነርቭ? የምትወስጂው መድኃኒት?” አለችኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ብርነሽ መለሱልኝ። “ምን ያማታል፣ ጨጓራ ብቻ ናት” አሉና ሳቁ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ነቀነቅኩ።

ሲስተር ብልቃጧን አወጣች። ራቁቷን ናት፤ ካርቶን የላትም። የነጋዴ ነገር ሆኖብኝ፣ “ካርቶኑ የታለ?” አልኩ።

“ዱባይ ቀረ። በሻንጣ ሲመጣ ቦታ ይይዛል፣ ኪሎም ይበላል” አለች።

“ውስጡ ያለው ወረቀትስ?”

“እሱም አብሮ ነዋ የሚጣለው።”

ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የኔም ቅባት የሚመጣው እንዲሁ ነው። ሻንጣ ይዛ የምትመላለሰውን ሴት “ካርቶኑን ጣይው፣ ወረቀቱንም አታምጪብኝ” የምላት እኔ ራሴ ነኝ። ማን ያነበዋል እያልኩ ስንት ዓመት አስጥያለሁ። እዚያች ወንበር ላይ ተኝቼ ግን ያ ወረቀት ምን ምን ይል እንደነበር አሰብኩ። ለነማን እንደማይሆን የሚናገረው እሱ ነበር። እሱ ከሌለ እኔ ካልተናገርኩ ማንም አይናገርም።

መርፌው ብልቃጧ ውስጥ ገብቶ ሲስብ አየሁት። እትዬ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘውኛል። ዝም ካልኩ ትንፋሼ፣ ከተናገርኩ ደግሞ ሠርጌ።

“በሽታ አለብኝ” አልኩ። ስሙንም ጨምሬ ነገርኳት።

ሲስተር ቆመች። መርፌውን አስቀመጠችና መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ ጫን አድርጋ፣ “እስቲ አሁን ዓይንሽን ግለጪ” አለችኝ። ለመግለጥ ሞከርኩ። የቀኙ እንደምንም ተከፈተ፣ ግራው ግማሹ ላይ ቀረ። በሌላው እጇ መስታወት ሰጠችኝ። የተኛ ሰው ፊት ነው ያየሁት።

“ይሄ መስመር ጭንቀት አይደለም” አለች። “ግንባርሽ የዓይንሽን ቆብ ጎትቶ ይዞልሽ ነው። እሱን ባደነዝዘው ዓይንሽ ይከደናል። ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው፤ መዋጥና መተንፈስ ቢያቅትሽ እዚህ ጓዳ ውስጥ ምን አደርግሻለሁ? ስጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?”

እትዬ ብርነሽን አየኋቸው። ሲስተርም ገባት መሰለኝ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ብርነሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም አሉና፣ “ተስፋዬ ያውቃል?” አሉኝ።

“አያውቅም።”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? እኔ አፌን አልከፍትም። አንቺ ግን ዛሬውኑ ትነግሪዋለሽ። ካልሆነ ጥር የሚባል ነገር የለም።” ድምፃቸው ቆጣ ያለ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ግን ግንባሬ ላይ የቀረውን የእርሳስ ነጥብ ጠረጉልኝ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ሱቄን ሳልከፍት ቀጥታ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ተስፋዬ ፍሬን ሸራ እየቆጠረ ነበር። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ የበሽታውን ስም፣ ኪኒኑን፣ የጨጓራውን ውሸት፣ መርፌውን። የሟች ሚስቱን ስም እስኪጠራ ጠበቅኩ። አልጠራም። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“ማታ ማታ ስንገናኝ፣ እኔ ሳወራ ዓይንሽ የሚከደነው በዚህ ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“እኔ እኮ ሰልችቼሽ መስሎኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ላውራት እያልኩ፣ መንገድ ላይ ወሬ እየፈለግኩ ነበር የምመጣው።”

ወዲያው ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ አልልም። ስለዋሸሁት አንድ ሳምንት ተኮራረፍን። ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ሆነ፤ መጀመሪያ ዶክተሯ ጋ አብሬሽ ልሂድ ስላለኝ ነው። ሄድን፣ የሚፈልገውን ሁሉ ጠየቀ፣ ተጋባን። ቅባት የምታመጣልኝን ሴት ደግሞ ካርቶኑን ብትጥዪም ወረቀቱን አምጪ ብያታለሁ። ታጉረመርማለች እንጂ ታመጣለች።

ግንባሬን አሁንም አልወደውም። ልሙጥ ግንባር ያላት ሴት ሱቄ ስትገባ እቀናለሁ፤ ይሄን ብክድ ውሸት ይሆንብኛል። ሳልወጋ መቅረቴ ግን አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ሰው ስምንት ወር ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ፣ እንዳይሰለቸኝ ብሎ ወሬ ሲያሳምር፣ እኔ ምን እንደጨነቀው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።