ቅባት የጠገበው ካርትሪጅ

ኪልበርን ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ከነጨዋታው ገዝቼ ስገባ ልጄ አፏን ይዛ ሳቀች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ስልኬ አልታዘዝ ሲለኝ ከእጄ ቀምታ የምታስተካክልልኝ። እልህ ያዘኝና ጉራዬን ነዛሁት። «በልጅነቴ በዚህ ጨዋታ ሠፈራችን ውስጥ የሚችለኝ አልነበረም። ቅዳሜ ታዪኛለሽ!» አልኳት። አንድ ቀን እንኳ እንድታደንቀኝ ፈልጌ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ጨዋታው ያለው ካርትሪጅ በሚሉት፣ ካሴት በሚያክል ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት የብረት ጥርሶች ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲሰኩ ጨዋታው ወዲያው ይመጣል። ኢንተርኔት የለ፣ ፓስወርድ የለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ካርትሪጁን ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው። ነቅዬ እፍ እፍ አልኩበት፤ አሁንም ጨለማ።

«ዳድ፣ ኢትስ ኦኬይ» አለችኝ። ማጽናናቷ ከሳቋ ይበልጥ አናደደኝ።

ይሄኔ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት የሚስቴ እናት ሶፋው ላይ ሆነው፣ «ምነው? አሳምሬ አዘጋጅቼልህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ምን አደረጉት እማዬ?»

«ነጥቶ፣ አመድ መስሎ አየሁት። እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት ይቀርባል? ቅባት ቀባሁታ!»

የልጅ ልጃቸውን ፊቷን ሳይቀቡ ከበር የማያስወጡ ሴት ናቸው። ካርትሪጁንም ከነጥርሱ ወልውለውታል። አማት ደግሞ አይቆጧቸው፤ ሳቄ አመለጠኝ።

አልኮልና ጥጥ አምጥቼ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረግኩ። ደረቅ ሲል መልሼ ሰካሁት፤ ጨዋታው በቀለም ደምቆ ብቅ አለ። ልጄ በደስታ ጮኸች። የመጫወቻውን እጀታ እጄ ላይ አኖረችና «ኦኬይ ቻምፒየን፣ ሾው ሚ» አለች።

የቱን እንደምጫን አላውቅም። አፈርኩ።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ያኔ ኮምፒውተር የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ነው። እኛ ከኋላው ቆመን እናያለን እንጂ አያስነካንም።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ኔቨር? አንዴም?»

«አንዴም።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «በቃ፣ ዛሬ አንተ ብቻ ተጫወት። እኔ አያለሁ» አለችኝ።

እስከ ራት ድረስ ስሸነፍ ዋልኩ፤ እሷም ከጎኔ አልተነሳችም።