ቅዳሜ ኦፍ ነሽ?

ተናኘወርቅ ለንደን፣ ክሮይደን ያለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማጽዳት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ማተቧን አልበጠሰች፣ ለምስሉም አልሰገደች፤ ወለል መወልወል ሃይማኖት አያስለውጥም ባይ ናት። ሽማግሌውን የስሪላንካ መነኩሴ ግን «አባ» እያለች ነው የምትጠራቸው። የትም ይሁን የት፣ መነኩሴ መነኩሴ ነው።

ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሏታል። ከተሰደደች ጀምሮ በዓይኗ ያላየቻት እናቷ ጎንደር ናት፤ ስትደውል ወንድሟ ዳኛቸው ስልኩን ለእናቷ አያቀብልም። አንድ ቀን «ተኝታለች» ይላል፤ ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»። ባልንጀራዋ ሳባ ደግሞ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሳባ፣ ድንገት ማር ሆናለች። ትናንት ደውላ «ቅዳሜ ኦፍ ነሽ አይደል?» አለቻት።

ይህን ጥያቄ ለንደን ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። መርዶ የሚነገረው ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይለጉማል። ደግነት ነው ይሉታል። ለሚጠብቀው ሰው ግን በዶለዶመ ቢላ እንደ መታረድ ነው።

የጨነቀው ሰው የማይጨብጠው የለም። አንዲት የቤተ መቅደሱ ምእመን፣ እኒህ መነኩሴ በወጣትነታቸው የሰው ልብ ያነቡ፣ የሩቁን ያዩ ነበር ብላ ነግራታለች። ተናኘወርቅ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ የጓደኛዬን ልብ ያንብቡልኝ። እናቴ አለች ወይስ የለችም?»

«ያ ዓይን ቢኖረኝም አልገልጠውም» አሏት። «መምህራችን ቡድሃ ቃል የገባልን የተሰወረውን ማወቅ አይደለም፤ መከራ ማብቂያ እንዳለው ነው።»

ተናደደች። «የኔ መች ተጀመረና ነው የሚያበቃው? ሳላለቅስ?»

መነኩሴው አልተቆጡም። «ነገሩን የምታውቀውን ጓደኛሽን ለምን አልጠየቅሻትም?»

ያልጠየቀችው ፈርታ ነው። እሷ እስካልጠየቀች ድረስ እናቷ ተኝታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሳባ፣ ቅዳሜን አልጠብቅም። እማዬ መቼ አረፈች?»

ከወዲያ ማዶ ሳባ «ወይኔ እህቴን! ማን ነገረሽ?» አለች።

ተናኘወርቅ መነኩሴውን አየቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አሁን አንቺ» አለችና እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።