ያልተበለተው ዶሮ

በእኛ ቤት የበዓል ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ እያንዳንዱም ብልት ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ታፋው ለእንግዳ፣ ክንፉ ለልጅ ይወጣል። አንገቱ የባለቤቴ ነበር። ሥጋው ጥቂት ስለሆነ ሌላ ብልት ሳቀርብላት፣ «ተወው፤ አንገት እየተጫወቱ ነው የሚበላው» ትለኝ ነበር። እውነትም እኛ በልተን እጃችንን ስንታጠብ እሷ ገና ያንን አጥንት እየፈለፈለች ወግ ትቀጥላለች።

ከሞተች በኋላ ድርሻዋን አላጠፍኩትም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአርሲ ወረዳዎች፣ ከሲሬ እስከ በቆጂ፣ መሬት በመለካትና ወሰን በማካለል ነው። ባለድርሻው በአካል ስላልተገኘ ብቻ ድርሻው እንደማይሰረዝ ለብዙ ሰው ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ስለዚህ በየበዓሉ ሳህኗን በቦታዋ አስቀምጬ አንገቱን አወጣላታለሁ። ማዕዱ ሲነሳ በእንጀራ ሸፍኜ እወስድና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለተቀመጠ ነዳይ በስሟ እሰጣለሁ። ሥርዓት ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድያ ልጃችን ግን አልቻለችም። እናቷ ከሞተች በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ፋሲካ ከሳህኑ ፊት ለፊት ጥቂት ተቀምጣ ቆየችና፣ «አባዬ፣ ቅቤው ሲረጋ እያየሁ መብላት አልችልም» ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ከምትሠራበት ከአዳማ የምትመጣው ማዕድ ከተነሳ በኋላ ሆነ። አንዴ መኪና አጣሁ ትላለች፤ አንዴ ሥራ ያዘኝ። ሰበቧን እየተቀበልኩ ብቻዬን እበላ ነበር። ብቻዬን ማለቴ ለአነጋገር ነው። በበዓል ዋዜማ መኝታ ቤቴ ሆኜ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከተፍ እሰማለሁ። ገብቼ ስዳስሰው መክተፊያው ደረቅ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማስረጃ የሌለውን ነገር መናገር ልማዴ አይደለም።

ባለፈው ገና ሊደርስ ሲል ደወለች።

«አባዬ፣ ለበዓል እመጣለሁ። ለምሳ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ግን ዶሮውን የምሠራው እኔ ነኝ። ሙሉውን ነው፤ አይበለትም።»

«ሳይበለት እንዴት ወጥ ይሆናል?»

«ወጥ አይደለም። ሆዱ ይሞላና ይጋገራል። ጾሙ ሳይገባ ሞክሬዋለሁ። በሩዝና በዘቢብ ሞላሁት፤ አልጣመኝም። በዳቦ ፍርፋሪ ሞላሁት፤ ላቆጠ። አሁን ያሰብኩት ቅንጬ ነው፣ በአገራችን ስንዴ።»

ካልተበለተ ዶሮ ለማንም የሚወጣ ብልት የለም፤ በዚያ ሳህን ላይም የሚቀመጥ ነገር አይኖርም። ልጄ የምትለኝ ይህንኑ እንደሆነ ገብቶኛል። የሟቿን ድርሻ ካስከበርኩ ያለችውን ልጅ ላጣ ነው። «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ የቆመ ሰው ሲያዳምጠኝ የነበረ መሰለኝ፤ ሄጄ በሩን ዘጋሁት።

በዋዜማው ልጄ መጣች። የባለቤቴ ታላቅ እህትም ቅንጬ አስፈጭተው ከኢተያ መጡ። እትዬ የምላቸው እኚህ ሴት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸውም የገበያ ድምፅ ነው።

«ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ሌላ ሆድ ዕቃ ልታስገቡለት!» አሉ ነገሩን ሲሰሙ። «ምነው፣ የራሱ ምን አጠፋ?»

«አክስትዬ፣ ነገ ቀምሰው ይፈርዳሉ።»

«እፈርዳለሁ እንጂ! ካልጣመኝ እስከ አዳማ ነው ስምሽን የማጠፋው።»

አውራውን ዶሮ ባርኬ ያረድኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሽንኩርትና ካሮት ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ አክስቷ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው ትሪ ላይ አጋድመውት ነበር። ልጄ ዘንቢሏን እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

«ቆዳውስ?»

«የምን ቆዳ?»

«የዶሮው ነዋ!»

«ገፈፍኩት። እኛ ቆዳ ስንበላ የት ታውቂያለሽ?»

«መሙያውን የሚይዘው እኮ እሱ ነው! ያለ እሱ ሥጋው ይደርቃል፣ ይበታተናል።»

እትዬ እጃቸውን ተመለከቱ። ያ እጅ በዕድሜው ሁሉ ያጠበውን ዶሮ ቆዳውን ሲገፍ ኖሯል፤ ዛሬም ባለቤቱን ሳይጠይቅ የለመደውን ሠርቷል። በዚያ ብቻም አላበቃም፤ አንገቱን ከሥሩ ቆርጦ በትንሽ ሳህን ለብቻው አኑሮታል። ልጄ አየችው። ዘንቢሏን አስቀመጠችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«አይሆንም አባዬ። ይህ ቤት እንቢ ብሏል።»

ከዚያ በር ከወጣች ለበዓል ተመልሳ እንደማትመጣ አወቅሁ። ያለችው ግን ሐሰት አልመሰለኝም።

«ቁጭ በይ!» አሉ እትዬ። «ዳቦ ቆዳ አለው እንዴ? በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም ሲነድበት የት ይበታተናል? አንተም ዋርሳዬ፣ ከሞተ ዶሮ ጋር አትፋጠጥ፤ ሂድና ከጎረቤት ኮባ ቁረጥ!»

ሄድኩ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው ሰፋፊ ቅጠል መርጬ ቆረጥኩ። ስመለስ ልጄ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋ ግን ከጭኗ አልወረደም። ቅንጬው በሽንኩርት፣ በካሮት፣ በንጥር ቅቤና በኮሰረት ተለውሶ ምድጃ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ማንም አልቀመሰውም፤ ጨው የተመጠነለት በዓይን ነው።

«ይህስ አንገት?» አሉ እትዬ።

«ይጣል» አለች ልጄ።

«አንገት አይጣልም። የእህቴ ነው።»

«እህትዎ እኮ የለችም!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት መንደር እኩል እውነት ይዞ በአንድ መስክ ሲከራከር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን ችካል አልተክልም ነበር፤ መስኩ የጋራ ግጦሽ እንዲሆን ነበር የማግባባው። እንዲህ ያለው ውሳኔዬ በይግባኝ የተሻረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«ይቀቀል» አልኩ። «ይፈልፈልና ከቅንጬው ጋር ይግባ። አይጣልም፤ ለብቻውም አይቀመጥም።»

«ጋሪዳ» አሉ እትዬ በኦሮምኛ፤ ገበያ ላይ ዋጋ ሲስማማቸው የሚሉት ቃል ነው።

አንገቱ በስሎ ሲወጣ ልጄ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና፣ «አምጡት፤ እኔ ልፈልፍለው» አለች። ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። አጥንቱን በጣቶቿ ጫፍ እያዟዟረች፣ ሳትቸኩል፣ ከየስንጥቁ ሥጋውን ትለቅም ጀመር። ግራ ትከሻዋ ዝቅ፣ ራሷም ዘንበል ብሏል። እንደዚያ ሆኖ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። አፌን ከፍቼ ስም ልጠራ ነበር፤ የልጄን ስም አልነበረም። እትዬ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። ፊታቸውን ሳየው እሳቸውም የሚያዩት ያንኑ ነው።

የለቀመችውን ከቅንጬው ጋር አዋሕዳ የዶሮውን ሆድ ሞላችው። እግሮቹን በኮባ ልጥ አሰረች፤ ሁለመናውን በቅጠሉ ጠቀለለችና ድፎ በሚጋገርበት ብረት ድስት አስተኛችው። እትዬ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረጉ። ሽታው ቤቱን ሞላው። የወጥ ሽታ አልነበረም፤ የማላውቀው ሽታም አልነበረም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ተመልሰን ማዕድ ቀረበ። ሳህን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሳህኑ አራት መሆኑን ያየሁት ካስቀመጥኩት በኋላ ነው። ልጄም አይታለች። ላነሳው እጄን ስዘረጋ፣ «ተወው» አለች።

ኮባው ሲገለጥ ሥጋው ከአጥንቱ ለቆ ቅንጬው ላይ ተንተራሰ። ቢላ አላስፈለገውም። ፈረሰኛዬን በዓይኔ ፈለግሁት፤ እንዲህ ካለ ሥጋ መሃል ማን ይለየዋል? አባወራ ሆኜ በገና ቀን ድርሻዬን ሳላውቅ የተቀመጥኩት ያን ዕለት ነው። እትዬ በጭልፋ ለሦስታችን አደሉ። አራተኛው ሳህን ባዶውን ቀረ።

ልጄ አንድ ማንኪያ ጎረሰች፤ ማኘኳን አቆመች።

«ጨው አነሰው?» አሉ እትዬ። «በዓይን የተመጠነ ነገር!»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሁሉም እሷን እሷን ይላል» አለች ልጄ። «የትኛውም ጉርሻ።»

እኔም ጎረስኩ። እውነቷን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ሳህን ላይ የት እንዳለች አውቅ ነበር፤ አሁን በየትኛው ቅንጣት እንዳለች አላውቅም። ማንኪያዬን ይዤ የልጄን መነሳት ጠበቅሁ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው፤ ብድግም አለች። ግን ወደ በሩ አልሄደችም። በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ ባዶውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች፤ ከፊቷ ያለውን ምግብ በሙሉ ገለበጠችበት። ተመልሳ ተቀመጠችና እንደ ተራበ ሰው ከእሱ ላይ ትበላ ጀመር።

«ቀስ በይ፣ የሚነጥቅሽ የለም» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ግን የገበያው ድምፅ አልነበረም።

ማዕዱ ሲነሳ እንደ ልማዴ ለነዳይ የምወስደውን ልሸፍን እንጀራ አነሳሁ፤ ከሥሩ የሚሆን ነገር አጣሁ።

«ምን ልውሰድላቸው?» አልኩ።

«ዳቦ ውሰድ፤ ዳቦ ሞልቷል» አለች ልጄ። «የእሷን እኛ በልተንላታል።»

ዳቦውን ሰጥቼ ስመለስ ዕቃ አጥባ ጨርሳለች። ሳህኖቹ ሁሉ የአንድ ስብስብ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። አደራርባ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታቸዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ አውጥቼ አይቻቸዋለሁ፤ የእናቷ የትኛው እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቅም።