ከሐዲዱ ያመጣኋት ጀሪካን

እኛ ሰፈር፣ ገርጂ፣ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ጀሪካን እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል። ከሁሉም የምትከበረው ደግሞ ክዳኗ የማያፈሰው ነጯ ናት። የሚጠጣው ውኃ የሚቀመጠው በእሷ ነበር። ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ከሥራ።

ሥራዬ የባቡር ሐዲድ ጥገና ነበር። ሣር ሐዲዱን ሲውጠው በማጭድ እናጭድ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን የአረም መድኃኒት መጣ። መርጫውን በጀርባችን አዝለን በሐዲዱ ግራና ቀኝ እንሄዳለን። ነፋስ ሲዞር ፊታችን ላይ ይመለሳል። ጓንት አንድ ሰሞን ተሰጠን፤ ሲቀደድ በባዶ እጅ ቀጠልን። ረጭተን ስንጨርስ አለቃችን ወተት ያስመጣልናል።

"ጠጡ፣ ያጥበዋል" ይለን ነበር።

"ሣሩም የሞተው ወተት አጥቶ ነው" ይላል ከመካከላችን አንዱ፤ እንስቃለን። አምነን ነበር እኮ።

መድኃኒቱ ሲያልቅ በባዶው ጀሪካን ዕጣ እንጣጣላለን። እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ ማን ይጥላል? ዕጣው ለእኔ የወጣ ዕለት ደስ ብሎኝ በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ጎኗ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ አላነበብኩትም። ግን የራስ ቅል ተሥሎባት ነበር። የራስ ቅል ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ባለቤቴ አይታ እንዳትጥልብኝ ቤት ሳልደርስ ከምሳዬ ጋር በምይዘው ቢላ ፋቅሁት።

"ምን ነበረበት?" አለችኝ።

"ሳሙና" አልኳት።

በአመድና በፈላ ውኃ ደጋግማ አጠበቻት፤ አሸተተቻትና ወደደቻት። ይኸው ዐሥር ዓመት አልፎታል።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴ እግሮች አበጡ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ዶክተሯ ኩላሊቷ እየደከመ ነው አለችን። የልጅ ልጃችንን የምታክል ልጅ ናት፤ በትሕትና ነው የምትጠይቀው።

"እማማ፣ ከኬሚካል ጋር የሚያገናኝ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?"

"እኔ? ከበርበሬ ሌላ ምን አውቄ!" ብላ ሳቀች ባለቤቴ።

"አባባስ?"

"ሐዲድ ላይ ነበርኩ" አልኩ። ስለ ጀሪካኗ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ታክሲ ውስጥ ስንመለስ እሷ በመስኮት እያየች ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራለች። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ ስንት ጊዜ ቀድቼ ሰጥቻት ይሆን?

ቤት እንደገባን ጥም ይዟት ከነጯ ጀሪካን ቀዳች። ኩባያውን ከአፏ ላይ ነጠቅኳት። ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?"

ነገርኳት። የራስ ቅሉንም፣ ቢላውንም፣ ሳሙናውንም፣ አለቃችን የሚያጠጣንን ወተትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ የረጠበ ቀሚሷን ጨመቀች።

"ታዲያ ወተቱን ለብቻህ ነበር የምትጠጣው?" አለችኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ ተመልሰን ለዶክተሯ ሁሉንም ተናገርኩ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ከዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም አባባ። አይደለም ብዬም አልምልም" አለችኝ። ደም ተቀዳላት፤ ለእኔም ተቀዳልኝ። ውጤቱ ሐሙስ ነው።

ስንመለስ ቁራሌው በሰፈራችን እየጮኸ ያልፍ ነበር። ባለቤቴ ነጯን ጀሪካን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ቆመች።

"ለዚህ ብንሰጠው ለሌላ ሰው ይሸጣታል" አለች።

ወጥ ቤት ገብታ ያንኑ ቢላ አመጣችልኝ። እሷ በሁለት እጇ ያዘችልኝ፤ እኔ ቆረጥኳት። ፕላስቲኩ ጠንካራ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ሁለታችንም ሳንነጋገር ቁራጩን ወደ አፍንጫችን አስጠጋን። ምንም አይሸትም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።