ካርድ ክፍሉ የዘገየበት ሰሞን

በአክስቴ ለቅሶ ላይ አንድ ሰው «ዝምተኛ ነበሩ» ብሎ አሞገሳቸው። እኔ ግን አልቀበለውም።

በደርግ ጊዜ ነገሌ ቦረና፣ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። በድርቁ ሰሞን የበሽተኛ ካርድ ፍለጋ ድንገት ግማሽ ቀን ይፈጅ ጀመር። የክሊኒኩ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰነፎች አላቸውና ካርዱ ቶሎ ያልተገኘለት በሽተኛ እንዲመለስ አዘዘ። በማግስቱ አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለውን ልጇን አዝላ ከገጠር መጣች። አክስቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ሴት አትመለስም። ካርዱ እስኪገኝ ልጁ ይታከም።»

«ትእዛዝ ነው እኮ!» አለ ኃላፊው።

«ማዘዙን ይዘዙ። እኔ ግን ፍለጋው የት ላይ እንደሚዘገይ ሳላይ ሰው አልመልስም።»

ልጁ ታከመ። አክስቴ መሳቢያዎቹን ሲፈትሹ ካርዶቹ የተደረደሩት በበሽተኛው ስም ብቻ ነበር። ጉዮና ጃርሶ በቦረና የተለመዱ ስሞች ናቸውና፣ ድርቁ ያመጣቸው ጉዮዎችና ጃርሶዎች ሁሉ ካርዳቸው ሁለት መሳቢያ ውስጥ ታጭቋል። ኃላፊው «ከሥራ ትባረሪያለሽ» እያለ ሲዝት፣ እሳቸው በአባት ስም እየለዩ ደረደሯቸው። ከዚያ በኋላ ካርዱ ባለመገኘቱ የተመለሰ በሽተኛ አልነበረም።

ቤትም እንዲሁ ነበሩ፤ ምክንያቱን ሳያዩ ማንንም አያስወቅሱም። አሁን እሁድ ምሳ ላይ ስንሰበሰብ የሚሟገት የለም፤ ሁላችንም ቶሎ እንስማማለን። እኔ ይህን ሰላም አልለምደውም።