የመልካሙ ደሴት

መርሳ ከተማ ውስጥ የመልካሙን ያህል በደሴት ፍቅር የተለከፈ ሰው የለም። ደሴት ስላችሁ ታዲያ ባሕር ማዶ እንዳይመስላችሁ! ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ውሃው ውስጥ ያለች አንዲት ጉብታ ናት፤ ክረምት በታንኳ፣ በጋ ውሃው ሲሸሽ በእግር ይደረስባታል። መልካሙ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነው። እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ነጠላውን አጣጥፎ ሚኒባስ ላይ ነው። የሥራ ባልደረባው ብርሃኑ «ዛሬም ደሴትህ ልትሄድ ነው?» እያለ ያበሽቀዋል። «ቅናት ነው» ብሎት ያልፋል።

እዚያ የሚጠብቁት ጋሽ ቢላል ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከውሃ አውጥተው፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው፣ ሚጥሚጣ አሽተው የፈላ ዘይት ውስጥ ይለቁታል። ከዚያ በማሽላ እንጀራ ላይ አድርገው ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። መቼም ወሎ ነውና፣ ክርስቲያን ያረደውን ጋሽ ቢላል አይቀምሱም፣ ሙስሊም ያረደውን መልካሙ አይቀምስም። ዓሣ ግን ባራኪ አራጅ አይፈልግም። ከምሳ በኋላ ጎረቤቱ ለወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። መንዙማው ሲጀመር መልካሙ ጥግ ይዞ ያዳምጣል፤ ምርቃቱ ላይ ሲደረስ ደግሞ «አሚን!» ለማለት የሚቀድመው የለም።

ዘንድሮ የጋሽ ቢላል ዓይን ደከመ። ልጃቸው ሱመያ «ከእንግዲህ ውሃ ላይ ብቻዎን አይቀሩም» ብላ ሐራ ከተማ፣ ቤቷ ልትወስዳቸው ቆረጠች። በመንገዳቸው መርሳ ወርደው መልካሙ ቤት ምሳ እንዲበሉ ቀጠሮ ተያዘ። መልካሙን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ምሳ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ የኚህን ሰው እጅ ሲበላ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ቤቱ አብልቷቸው አያውቅም! ዛሬ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?

ሚስቱ ዘነበች «ሽሮ አቅርቤ ልዋረድልህ?» አለችው። ሙክት ተገዛ። ጎረቤታቸው አብዱልጀሊል ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ የአብዱልጀሊል ሚስት ከቤቷ በራሷ ድስት ሠርታ አመጣች። ለመልካሙ ደግሞ ዶሮ ተሠራ። እንግዲህ ምን ቀረ? ምንም የቀረ አልመሰላቸውም።

ቅዳሜ ጋሽ ቢላል ከነልጃቸው መጡ። ሰላምታው፣ መተቃቀፉ፣ «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ማብቂያ አጣ። እጅ ታጠቡና ሁለት መሶብ ቀረበ፤ አንዱ ለእንግዶቹ፣ አንዱ ለመልካሙ። ጋሽ ቢላል አንዴ ይኼን፣ አንዴ ያንን አዩ።

«ና እንጂ መልካሙ፣ ቅረብ።»

«ያ የእርስዎ ነው ጋሼ። የኔ ይኸው።»

«በአላህ! እዚያ ከአንድ ትሪ ስንበላ ኖረን እዚህ ለየብቻ? ሥጋ እኮ ሐይቅም ሞልቷል ልጄ። እኔ የመጣሁት ካንተ ጋር ልበላ ነው።» እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሱመያ «አባ፣ ነውር ነው፤ ይብሉ እንጂ» ብትላቸው ፍንክች አላሉም። የመልካሙ ፊት አመድ መሰለ። ስለ አራጁ ሲጨነቅ፣ ስለ ድስቱ ሲጨነቅ አብሮ መብላቱን ረስቶት አረፈ! «ቤቴን ሳይቀምሱ ሊሄዱብኝ ነው ጋሼ?» አለ፤ እንባው መጣ።

ይኼኔ ዘነበች ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ለልጆቿ የሠራችውን ሽሮ ከነድስቱ ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይኼ የጾም ድስቴ ነው። ሥጋ የሚባል ነክቶት አያውቅም። ግን ለእንግዳ አይሆንም፤ አፈርኩ።»

«ምን ያሳፍርሻል? ገልብጪው!»

አንድ ትሪ ላይ ገለበጠችው። አንዱ «ቢስሚላህ» ሲል ሌላው «በስመ አብ» አለ። ጋሽ ቢላል የመጀመሪያውን ጠቅልለው በደከመ ዓይናቸው የመልካሙን አፍ ፈልገው አጎረሱት። መልካሙም በተራው አጎረሳቸው። ድስቱ ተጠረገ። ልጆቹ ከውጭ ሲገቡ ሽሯቸው የለም፤ ዶሮው ለነሱ ሆነ። ሙክቱ ወደ አብዱልጀሊል ቤት ተመለሰ፣ እዚያም ማን ጠልቶት!

መኪናው ላይ ሲሳፈሩ ጋሽ ቢላል የመልካሙን እጅ አልለቅ አሉ። «ሐራ እኮ ዓሣ የለም። እንግዲህ ምን ልትበላ ትመጣለህ?» አሉት።

በማግስቱ እሁድ፣ ብርሃኑ መናኸሪያው በር ላይ አየው። በነጠላ የተቋጠረ ድስት ታቅፎ የሐራ መኪና ላይ ይወጣል።

«ኧረ አንተ ሰው ተሳሳትክ! የሐይቁ በዚያ በኩል ነው!»

«አልተሳሳትኩም፤ ደሴቴ ነው የምሄደው» አለና ሽሮው እንዳይደፋበት ድስቱን ጭኑ ላይ አደላድሎ ተቀመጠ።